የመርዶ መትረየስ

ሸዋንግዛው ወንድይፍራው ታኅሣሥ 14 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት እንደሚሞት የታወቀው በኅዳር አጋማሽ ነው። ደብዳቤው እንደ ማንኛውም የትንበያ ቢሮ ደብዳቤ ግማሽ ገጽ ነበር፤ ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ከግርጌው «ቤተሰቡ አስፈላጊውን እንዲያዘጋጅ» የሚል አንድ መስመር። ሰውየው ራሱ መነጽሩን ሰክቶ ሁለት ጊዜ አነበበውና «ጾም ላይ ሆነ እንጂ ቀኑስ ደኅና ነው» አለ። ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው። ሳንባው ከከዳው ሁለት ዓመት አልፎታል።

የጉልት አምባ እድር በማግስቱ ተሰበሰበ። ድንኳኑ ለረቡዕ ተያዘ። መቃብሩ ቅዳሜ ይቆፈር ወይስ ሰኞ በሚለው ላይ ጥቂት ጭቅጭቅ ተነሥቶ፣ ቅዳሜ ከተቆፈረ ከብት ይገባበታል ተብሎ ሰኞ ሆነ። ቢሮው ሥራ ከጀመረ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ሲሳሳት ያየ ሰው የለም። ስለዚህ በአገሩ ላይ ድንገት መሞት ቀርቷል፤ መርዶም አብሮ ቀርቷል። ሟች ቀኑን ጠብቆ ይሞታል፣ አልቃሽ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፣ ሩቅ ያለ ዘመድ ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ የሐዘን ፈቃድ የሚጠይቀው ሟቹ ገና ምሳውን እየበላ ሳለ ነው። ይህን የሚያስገርም ነገር አድርጎ የሚያወራ ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

የሸዋንግዛው ልጅ ተናኜ አምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የውሃ ፓምፕ ትጠግናለች። እሷን እንቅልፍ የነሣት ድንኳኑም ንፍሮውም አልነበረም። እንቅልፍ የነሣት ከወንጪት ሸለቆ ማዶ የሚኖረው አጎቷ ማንደፍሮ ነው።

ሁለቱ ወንድማማቾች ከተኮራረፉ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ያኔ የጦር መሣሪያ ሁሉ ይመዝገብ፣ ይሰብሰብ ሲባል ሸዋንግዛው የቀበሌው መዝገብ ያዥ ነበር። የራሱን ክላሽ አስረከበ። ማንደፍሮ ለንግሥ ወደ ሩቅ ደብር በሄደበት ሳምንት ደግሞ የእሱን ምንሽር፣ ከአባታቸው የወረሰውን፣ «ተረክቧል» ብሎ መዝገብ ላይ ጻፈ። እንዳይታሰር ብሎ ነው። ማንደፍሮ ሲመለስ ግድግዳው ላይ የቀረው ማንጠልጠያው ችንካር ብቻ ሆኖ አገኘው። በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ፣ ካህናት እየሰሙ ማለ፦ «እኔን እሱ ቤት የሚያስገባኝ ጥይት ነው። ጥይት ሲጮህ ከሰማሁ ለመርዶው እመጣለሁ። ካልሰማሁ በቁሙም በሞቱም አላየውም።» በዚያ ወረዳ አንድም የሚጮኽ ጥይት እንዳልቀረ አሳምሮ ያውቃል። ወንድሙ ራሱ ነዋ አንድ በአንድ ጽፎ የጨረሰው።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ ተልኮ ነበር፤ አልሆነም። ንስሐ ገብቶ መሐላውን እንዲያስፈታ ተለምኖ ነበር፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ከአሥር ዓመት በፊት ታላቅ እህታቸው ሞታ ለቅሶዋ ሸዋንግዛው ቤት ሲሆን፣ እድሩ ዘዴ የፈጠረ መስሎት የተቀዳ ተኩስ በትልቅ ድምፅ ማጉያ ወደ ማዶ ለቆ ነበር። ማንደፍሮ በበኩሉ ገደል አፋፍ ላይ ወጥቶ አዳመጠ። «ይሄ ቆርቆሮ ነው» ብሎ ተመልሶ ገባ። በስልክ ለሚለምነው ሰው ሁሉ የሚመልሰውም ይህንኑ ነበር፤ የስልክ ድምፅም ለእሱ ቆርቆሮ ነው።

ሸዋንግዛው ስለ ወንድሙ አያነሣም። ግን ደብዳቤው ከመጣ ወዲህ በየማለዳው ትራሱን ከፍ አስደርጎ በመስኮቱ ወደ ማዶ ያያል። አንድ ቀን ተናኜ አጥሚት ስታጠጣው «ከማዶ ሰው መጣ?» አላት።

«የቱ ሰው አባባ?»

«እንዲያው ሰው ካለ ብዬ ነው» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።  በማግስቱ ሱቋን ለሌላ ጠጋኝ ሸጠችና ደብረ ብርሃን ወረደች።

የመሣሪያ ገበያው ያለው ደብረ ብርሃን ነው። ጠመንጃ እንደ ልብ ይሸጣል፤ ሁሉም ግን አፈሙዙ በእርሳስ የተደፈነ የሳሎን ጌጥ ነው። ሕጉ ያልነካው የቅርስ ደረጃ አንድ የተሰጠውን ብቻ ነው፤ ደረጃ አንድ ቅርስን መድፈን ክልክል ነዋ። እንዲህ ያለ ዕቃ በሰሜን በኩል አንድ ብቻ ነበር። እሱም አቶ ልሳነወርቅ የሚባሉ ነጋዴ መስታወት ውስጥ ያስቀመጡት፣ መቶ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ቀላል መትረየስ ነው። ካዝናው ከላይ ይገባል፤ ሁለት እግር አለው፤ ሰደፉ ዋንዛ ይመስላል። አቶ ልሳነወርቅ ለሠላሳ ዓመት መሣሪያ ነግደዋል፤ ጓንት ሳያደርጉ ነክተውት አያውቁም።

መስታወቱን ከመክፈታቸው በፊት እጇን አዩት። ጥፍሯ ሥር ግራሶ ነበር።

«አንቺ እኮ ሰብሳቢ አይደለሽም» አሉ።

«አይደለሁም ጋሼ። ልተኩሰው ነው።»

ሰውየው ደንግጠው ቁልፉን ወደ ኪሳቸው መለሱት። «ልጄ፣ ይሄ አንዴ ከተተኮሰ ደረጃ ሦስት ነው። ዋጋ የለውም። ያበድሽ እንደሆን ንገሪኝ።»

ተናኜ መዋሸት አልቻለችበትም። ስለ ምንሽሩ፣ ስለ መሐላው፣ ስለ ማክሰኞው ቀን አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። አቶ ልሳነወርቅ ጓንታቸውን አወለቁ። ከዚያ በኋላ የጠየቁት ዋጋውን አልነበረም።

«ሲተኮስ ልገኝ?»

«እንዴ፣ ሰምተውት አያውቁም?»

«የት ሰምቼ! ከፊልም ሌላ» አሉ እንደ ማፈር ብለው። ሃያ ስድስት ጥይት ጨመሩላት። ይጮኻል አይጮኽም የሚለውን ግን አላውቅም አሉ።

ፈቃድ ማውጣቱ ቀላል ሆነ። በደንቡ ውስጥ «ለባህላዊ ቀብር የሚደረግ ተኩስ» የሚል አንቀጽ ነበር፤ ለስሙ የተጻፈ፣ ማንም ተጠቅሞበት የማያውቅ። የፈቃድ ክፍሉ ጸሐፊ ፈልጋ ስታገኘው ራሷም ተገረመች። ፈቃዱ የተሰጠው ለረቡዕ ታኅሣሥ 15 ነው፤ ከጧቱ አራት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት። አንድ ሰዓት ብቻ፤ አይራዘምም፣ አይተላለፍም። ተናኜ መትረየሱን ቤቷ አስገብታ እንደ ፓምፕ በታተነችው። የውስጥ ዕቃዎቹን አጠበች፣ ሞላውን ዘይት ቀባች፣ መልሳ ገጠመችው። ቃታው ሲሳብ የሚሰማው ድምፅ ደስ አላት።

ሰኞ ሸዋንግዛው ፀጉሩን ተቆረጠ። ማክሰኞ ጧት ንስሐ አባቱ መጥተው አቆረቡት። ከሰዓት ዘመድ ገባ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል የእድሩ ዳኛ ጋሽ መኳንንት ባርኔጣቸውን አውልቀው ራስጌው ቆሙ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጠበቁ። ልክ አሥራ ሁለት ሲሆን እጁ ላይ ያለው የጤና አምባር ራሱን ፈታና ፍራሹ ላይ ወደቀ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

ጥቂት ቆይቶ ሸዋንግዛው አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ስንት ሰዓት ሆነ?»

«አሥራ ሁለት ከሩብ» አሉ ጋሽ መኳንንት።

«እንግዲህ ትንሽ ጠብቁ» አለ።

ጠበቁ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ትንፋሹ ልክ እንደ ትናንቱ ነበር። እራት ቀረበ፤ ሰዉ በላ፤ ምን እንደሚባል የሚያውቅ አልነበረም። እንኳን ደስ ያለህ እንዳይሉት ቀኑ አይደለም፤ ነፍስ ይማር እንዳይሉት ሰውየው ያያቸዋል።

ረቡዕ ሲነጋ ሸዋንግዛው ከነሕይወቱ ነበር፤ ነገር ግን ከሞት ይልቅ ሐፍረት ሊገድለው ምንም አልቀረው። ድንኳኑ ተተክሎ፣ ንፍሮው ተቀቅሎ፣ የመርሐቤቴ ዘመድ በሙሉ ግቢውን ሞልቶት በመስኮት ይታየዋል። «ሰው አንገላታሁ» እያለ ፊቱን በጋቢ ሸፈነ። «ተናኜ፣ ይቅርታ በይልኝ። አሁንም ቶሎ ለመሞት እሞክራለሁ።»

«ምን ይላሉ አባባ!» አለች፤ ሳቅም እንባም መጣባት።

ችግሩ ግን ሐፍረት ብቻ አልነበረም። በየጧቱ በሁለት ሰዓት የምትመጣው ነርስ አልመጣችም። የመድኃኒቱ ሣጥን ተቆልፎ ቀረ። ተናኜ ቢሮው ጋ ደወለች። ትሕትና ያለው ድምፅ ነበር የመለሰላት።

«ሟች ሸዋንግዛው ወንድይፍራው፣ ታኅሣሥ 14። እግዚአብሔር ያጽናናዎ።»

«አልሞተም እኮ ነው የምልዎት! እዚህ ጎኔ ነው ያለው፣ ይናገራል።»

«መዝገቡ ተዘግቷል። ሕክምናው የተቋረጠው በዚሁ መሠረት ነው። ቅሬታ ካለ ባለጉዳዩ ራሱ በአምባሩ ያመልክት።»

«አምባሩ እኮ ወልቋል።»

«የሟች አምባር ይወልቃል» አለ ድምፁ፤ በድጋሚ አጽናንቷት ዘጋ።

ተናኜ ስልኩን ይዛ ደጅ ወጣች። ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። አቶ ልሳነወርቅ ከዋዜማው ጀምረው መጥተው፣ ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ ከድንኳኑ ፊት ወንበር ላይ እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል። ጋሽ መኳንንት ወደ እሷ ቀረብ አሉ።

«በይ እንግዲህ ልጄ፣ የመትረየሱን ነገር ተይው። ሬሳ ሳይኖር አይተኮስም። ነውር ነው።»

«ፈቃዱ የዛሬ ብቻ ነው።»

«ለሌላ ጊዜ ይውጣላ።»

«ለሁለተኛ ሞት ፈቃድ ማን ይሰጠኛል ጋሼ? በወረቀት እኮ ሞቷል።»

ይህን ስትል የገዛ አፏ የተናገረው ነገር ቀጥ አድርጎ አቆማት። አንድ ወር ሙሉ ሱቋን ሸጣ፣ አገር አቋርጣ፣ ብረት ስታጥብ የከረመችው አጎቷ ከአስከሬን ሣጥኑ አጠገብ እንዲቆም ነው። አባቷ ትንፋሽ እያለው ሊያየው ይችላል የሚል ሐሳብ አንድ ቀን እንኳ ውል አላላትም። ቀኑ ተነግሯት ስለነበር ከቀኑ ወዲህ ያለውን አባቷን ረስታው ኖራለች። በራሷ አፈረች፤ ከልቧ አፈረች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ መትረየሱን አቅፋ ወጣች።

የሸዋንግዛው ግቢ በስተጀርባ ገደሉ አፋፍ ላይ ያልቃል። ሁለቱን እግሮች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጠች፤ አፈሙዙን ሰው ወደማይደርስበት ቀይ ናዳ አዞረች። ልክ አራት ሰዓት ላይ ካዝናውን ገፍታ አስገባች። ቃታውን ሳበች።

ቃ አለ። ዝም።

ደግማ አቀባበለች፤ ያልፈነዳው ጥይት ዘልሎ ሣሩ ላይ ወደቀ። ሳበች። ቃ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ከኋላዋ ጋሽ መኳንንት «እግዚአብሔርም አልፈቀደም» ሲሉ ሰማቻቸው። ተናኜ ካዝናውን አወጣች፣ ጥይቶቹን አንድ በአንድ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለች፣ መልሳ ሞላቻቸው። ግትር ያለ ፓምፕ ስታስነሣ የኖረች ሴት ናት። አራተኛውን ስትስብ ምድር ተሰነጠቀ።

ሰደፉ ትከሻዋን እየደለቀው ጣቷን አላነሣችም። ቀለሃው በቀኝ በኩል እየተረጨ ወረደ፣ ባሩዱ ዓይኗ ውስጥ ገባ፣ ናዳው ቀይ አቧራ ተፋ። ካዝናው ባዶ ሲሆን ድምፁ አላቆመም፤ ሸለቆው ተቀብሎ ወሰደው፣ ከማዶው ገደል ጋር አጋጭቶ መለሰው፣ ደግሞ ወሰደው። ፍየሎች ገመዳቸውን በጥሰው ሄዱ። ወጣቶቹ የድንኳኑ ባትሪ ፈነዳ ብለው መሬት ላይ ተኝተዋል። አቶ ልሳነወርቅ ወንበራቸው ሥር ናቸው። «እንዲህ ይጮኻል ብዬ አላሰብኩም» አሉ፤ ሁለቱን ጆሯቸውን ይዘው ነበርና ራሳቸውም አልሰሙትም።

አሮጊቶቹ ግን የተለየ ነገር አደረጉ። ድምፁ ጆሯቸው ሲገባ፣ ከስድሳ ዓመት በፊት የሰሙት መርዶ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሣባቸውና እሪታውን አቀለጡት። ደረታቸውን እየደቁ፣ «ሸዋንግዛው! ሸዋንግዛው የኔ ጀግና!» እያሉ አለቀሱ። ከመካከላቸው አንዷ ገና ከሩብ ሰዓት በፊት ትራሱን አስተካክላለት ነበር።

ተናኜ እየሮጠች ወደ አባቷ ገባች። ሽማግሌው በክርኑ ተደግፎ ቀና ብሏል።

«ማን ሞቶ ነው?»

«እርስዎ ነዎት አባባ።»

«ጥይት ነው እንዴ የሰማሁት?»

«ጥይት ነው።»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞረ። ፊቱ ላይ ያየችውን ተስፋ ተናኜ ልትቋቋመው አልቻለችም፤ አጥሚት ላምጣ ብላ ወጣች። ማዶ ያለው ሰውም ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የአየር ማመላለሻ በሕይወቱ ተሳፍሮ አያውቅም። ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ይህንን ዳገት መውጣት አለበት። አምባር ስላላሰረ ይሙት ይኑር እንኳ ከጎረቤቶቹ በቀር የሚያውቅ የለም።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። ሸዋንግዛው ትንፋሹ እያጠረ ሄደ፤ መድኃኒቱ ከተቋረጠበት ሙሉ ቀን ሊሞላው ነው። ጋሽ መኳንንት ድንኳኑን ሊያስነቅሉ ገመድ ሲፈቱ ነበር ከገደሉ በታች የሰው ድምፅ የተሰማው።

«ወንድሜን! ወንድሜን! ወንድምዓለሜን!»

ማንደፍሮ በቅሎው ጀርባ ላይ ሆኖ፣ ጋቢውን ዘቅዝቆ ለብሶ፣ አፋፉን ወጣ። ጉንጩ በእንባና በአቧራ ተለውሷል። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት፤ አንድም ሰው እውነቱን ሊነግረው አልደፈረም። ከበቅሎው ወርዶ፣ ደረቱን እየመታ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ያልረገጠውን ደፍ ተሻገረና ቆመ።

ሸዋንግዛው ትራስ ተደግፎ አየው። «ማንዴ። መጣህ?»

ማንደፍሮ እጁን ከደረቱ ላይ አወረደ። ከዚያ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ፤ ወደ ተናኜ ዞረ። «አንቺ ልጅ! በሐሰት መርዶ አስጠራሽኝ? ያለቀስኩት በከንቱ ነው? በቅሎዬን አዙሩልኝ!»

ተናኜ በሩ ላይ ቆመች። «ጋሼ፣ ሐሰት አልነገርኩም። ያንብቡት» አለችና ቢሮው የላከውን የሞት ወረቀት ሰጠችው።

ወረቀቱን በክንዱ ርዝመት አርቆ አነበበ። «ማክሰኞ ሞቷል ይላል።»

«ይላል።»

«ታዲያ ይሄ ማነው?»

«መድኃኒቴንም ከለከሉኝ» አለ ሸዋንግዛው ከአልጋው ላይ። ታላቅ ወንድም ለታናሹ ስሞታ ሲያሰማ መሆኑን ያወቀው ከተናገረው በኋላ ነው።

«ማን ከለከለህ?»

«መዝገቡ ነዋ። ሞተ ተብሎ ተጽፏል፤ ስለዚህ…»

ማንደፍሮ ወረቀቱን አጣጠፈው።  «የአባታችን ምንሽርም እንዲህ ነበር» አለ። «ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው አንተ ተረክቧል ብለህ የጻፍከው። ወረቀቱ ቀደመ፤ እነሱ ደግሞ ወረቀቱ ውሸት እንዳይሆን መጥተው ወሰዱት።»

«አዎ። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«አውቃለሁ አንተ እንደሆንክ።»

«እንዳያስሩህ ፈርቼ ነበር። መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩህም። ይቅር በለኝ ማንዴ። ይህን ቃል ሠላሳ አንድ ዓመት አንቆኝ ኖሯል።»

 ማንደፍሮ ወንድሙን ከእግሩ እስከ ራሱ አየው፤ የመነመነውን ክንድ፣ አምባሩ የነበረበትን ነጭ ቀለበት፣ ለሞቱ የተቆረጠውን ፀጉር። 

«እኔ የመጣሁት ልቀብርህ ነው» አለ። «ሳልቀብርህ አልሄድም።» ጫማውን አወለቀ፣ ጋቢውን አቃንቶ ለበሰ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ተናኜ ያመጣችውን አጥሚት ከእጇ ተቀበላት።

ድንኳኑ በማግስቱ ተነቀለ፤ ሌላ ቀጠሮ ነበረበት። አቶ ልሳነወርቅ ደረጃው የወረደውን መትረየስ ለአንድ ሆቴል አሻሻጡላት፤ አሁን እንግዳ መቀበያው ውስጥ አፈሙዙ ተደፍኖ ቆሟል። ቢሮው ሐሳቡን አልለወጠም። ማንደፍሮ ከማዶ ያመጣውን ሥር እየወቀጠ ወንድሙን አጠጣው፤ ረዳው አልረዳው አይታወቅም። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ስለ ድንበር፣ ስለ ሞቱ በሬዎች፣ ስለ አንዲት የልጅነት ጎረቤታቸው መልክ ሲከራከሩ ይውላሉ። ተናኜ ጓዳ ሆና ስትሰማቸው ብቻዋን ትስቅ ነበር።

ሸዋንግዛው የሞተው ቅዳሜ ታኅሣሥ 25 ቀን፣ ከሰዓት፣ ማንደፍሮ ጢሙን ሊላጨው ውሃ ሊያሞቅ በተነሣበት ነው። ማንም አልጠበቀውም። ተናኜ ለቢሮው ስታሳውቅ «ሟቹ ቀደም ሲል ተመዝግቧል፤ ድግግሞሽ አይቻልም» የሚል መልስ መጣላት። ማንደፍሮ ገደሉ አፋፍ ላይ ወጥቶ በገዛ ጉሮሮው ለማዶው አገር ጮኸ። ጎረቤቱም ከየሥራው፣ አንዱ ከነአካፋው፣ አንዷ ሊጥ በእጇ እንዳለ፣ ደንግጦ እየሮጠ መጣ። በጉልት አምባ ለሃያ ዓመት እንደዚያ የተለቀሰለት ሰው አልነበረም።

ማክሰኞ ከሞተ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ኖረ። አሥሩን ከወንድሙ ጋር ነው።